ያለፈው እሱ ነው ወይስ አንቺ?

ድንበሩን መንኮራኩሯ አትሻገረውም፤ ድንበሩ ነው እሷን የሚሻገራት። ይህን የሰማሁት ስዊድን፣ ኡፕሳላ ውስጥ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለሁ ነው። ያኔ የገባኝ ፊዚክሱ ብቻ ነበር። የቀረው የገባኝ ውሎ አድሮ፣ ደሴ፣ እናቴ ቤት ቡና ላይ ተቀምጬ ነው።

ድንበር የምለው ማግኔቶፖዝ የሚባለውን ነው። ፀሐይ ያለማቋረጥ ፕላዝማ ትረጫለች፤ ኤሌክትሮንና ፕሮቶን ተነጣጥለው የሚነጉዱበት፣ የራሱን የማግኔት መስክ ይዞ የሚጓዝ ትኩስና እጅግ ስስ ጋዝ ማለት ነው። ይህ የፀሐይ ነፋስ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሲብስበትም የዚያን እጥፍ እየፈጠነ ወደ ምድር ይመጣል። ምድር በበኩሏ ከውስጧ የሚመነጭ የማግኔት መስክ አላት። ነፋሱ መስኩን ይገፋል፣ መስኩም ነፋሱን ይገፋል፤ ግፊታቸው እኩል በሆነበት ቦታ ላይ ድንበር ይበጃል። ከፀሐይ ትይዩ በሆነው ወገን ይህ ቦታ ከምድር መሐል በአሥር የምድር ሬዲየስ፣ ማለትም በ64,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይርቃል። ከዚያ ውጭ ነፋሱ ተደናቅፎ፣ ፍጥነቱ ቀንሶ፣ ሞቆና ታፍኖ የሚተራመስበት ቀጠና አለ፤ ማግኔቶሺዝ ይሉታል። ከድንበሩ ወዲህ ያለው የእኛ ነው፤ ማግኔቶስፌር። ሲድኒ ቻፕማንና ቪንሰንት ፌራሮ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ አንድም ሳተላይት ሳይኖር፣ በወረቀትና በእርሳስ ብቻ እንዲህ ያለ ነገር መኖር እንዳለበት አስልተው ነበር። ኤክስፕሎረር 12 በ1961 ወጥታ እውነትም በድንገት የሚቋረጥ ጠርዝ እንዳለ አሳየች። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ፍጥነቶቹን አስተያዩ። እዚያ ርቀት ላይ የምትዞር መንኮራኩር በሰከንድ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር ብታዝግም ነው። ድንበሩ ግን የፀሐይ ነፋስ በበረታና በላላ ቁጥር በሰከንድ አሥር፣ ሃምሳ፣ አንዳንዴም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዘ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ወደ ውጭ ይወጣል። ከእሱ ጋር ስትነጻጸር መንኮራኩሯ ቆማለች ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው በአንድ ዙር ውስጥ ድንበሩን ደጋግማ የምታየው። እሷ ወዲያና ወዲህ ስለተመላለሰች አይደለም፤ እሱ በላይዋ ላይ ስለሚመላለስ ነው።

እኔን የማረከኝ ይህ ሁሉ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚታይበት መልክ ነው። ከላይ ሦስት የማግኔት መስክ መስመሮች ይሳላሉ፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቀይ፣ እያንዳንዱ ለአንድ አቅጣጫ። ከሥራቸው የቅንጣቶቹ እፍጋት ይመጣል። ከዚያ በታች አዮኖቹ በየጉልበታቸው ተደርድረው በቀለም የተሳሉበት ሰሌዳ አለ። መንኮራኩሯ ማግኔቶስፌር ውስጥ ስትሆን ወደ ሰሜን የሚያመለክተው ቀይ መስመር ሃምሳ ናኖቴስላ አካባቢ ረግቶ ይቆማል፤ እፍጋቱ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ከአንድ ቅንጣት በታች ይወርዳል፤ አዮኖቹ ጥቂት ቢሆኑም ትኩስ ናቸው። ድንበሩ ሲያልፋትና ማግኔቶሺዝ ውስጥ ስትቀር ሁሉም ይገለበጣል። መስመሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ እፍጋቱ ሃያም ሠላሳም ይሆናል፣ ሰሌዳው ዝቅ ብሎ በሚገኘው ጉልበት ላይ ደምቆ ይቀላል። ጀማሪ እንኳ በአንድ ሳምንት ውስጥ "ይህ የውስጥ ነው፣ ያ የውጭ ነው" ማለት ይችላል።

ችግሩ የሚመጣው መሐል ላይ ነው። መስኩን ለድንበሩ ቀጥ ብሎ በሚቆም አቅጣጫ ስትለኪው፣ አንዳንድ ጊዜ ከዜሮ ተነሥቶ ወደ ላይ ያብጣል፣ ወዲያው ወደ ታች ይጠልቃል፣ ከዚያ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሁሉም በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያበቃል። ክሪስቶፈር ራስልና ሪቻርድ ኤልፊክ ይህን ምልክት በአይሲ 1 እና 2 መረጃ ውስጥ አይተው በ1978 ጻፉ። እነዚህ ሁለት መንኮራኩሮች በጥቅምት 1977 አብረው የተላኩ፣ በአንድ ምሕዋር ላይ ተከታትለው የሚሄዱ ነበሩ። ራስልና ኤልፊክ የሰጡት ፍቺ ደፋር ነበር፤ የፀሐይ ነፋስ የማግኔት መስመሮች ከምድር መስመሮች ጋር ተቆራርጠው እንደገና ተቀጣጥለዋል፤ ከዚያ የተነሣ ሁለቱን ዓለም የሚያያይዝ ጥቅል፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ የማግኔት ቱቦ ተፈጥሮ ድንበሩን ተከትሎ ይንሸራተታል። ይህ እውነት ከሆነ ድንበሩ ድፍን ግድግዳ አይደለም ማለት ነው። የፀሐይ ጉልበት በየጥቂት ደቂቃው በጥቅል በጥቅል ወደ ውስጥ ይገባል።

ግን ለዚሁ ምልክት ሌላ ፍቺም አለ፤ ያውም ቀላል። ነፋሱ ለአፍታ ቢበረታ ድንበሩን ይሰረጉደዋል፤ ስርጉዱ እንደ ሞገድ በድንበሩ ላይ እየተጓዘ በመንኮራኩሯ አጠገብ ሲያልፍ መስኩ ወደ ላይ ይላል፣ ወደ ታች ይላል። ገመድ የለም፣ መቆራረጥ የለም፣ የገባ ጉልበትም የለም። ዴቪድ ሲቤክ በ1990 ይህን አጥብቆ ተከራከረ፤ እሰጥ አገባው ለዓመታት ቀጠለ። ይህን ክርክር ሳነብ የነካኝ ሁለቱም ወገኖች አንድ ዓይነት መስመር እያዩ መሆናቸው ነው። በመረጃው ላይ ቅንጣት ያህል አይለያዩም። ልዩነታቸው የማይታየው ላይ ነው።

አማካሪዬ ይህን ሊያስረዳኝ ሲፈልግ ያለኝን አልረሳውም። ሌሊት፣ ጨለማ ውስጥ፣ መንገድ ዳር ቆመሻል እንበል። የመኪና ድምፅ ከፍ እያለ ይመጣል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይጠፋል። መኪናው በአጠገብሽ አልፎ ሄደ ወይስ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ሾፌሩ ነዳጅ ረግጦ ለቀቀ? ጆሮሽ የቱንም ያህል የሰላ ቢሆን ብቻሽን ከሆንሽ አታውቂውም። መቶ ሜትር ወዲያ ሌላ ሰው ከቆመ ግን ነገሩ ይለወጣል። እሱ ካንቺ ትንሽ ቆይቶ ከሰማ መኪናው አልፏል። ሁለታችሁም በአንድ ቅጽበት ከሰማችሁ ሾፌሩ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ምልክት ይዤ ወደ ቢሮው በገባሁ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ሆነ። "ያለፈው እሱ ነው ወይስ አንቺ? ወይስ ማንም አላለፈም፣ ነገሩ ራሱ ነው የተለወጠው?"

ለዚህ ጥያቄ ሲባል ነው አራት መንኮራኩሮች የተሠሩት። አውሮፓውያን ክላስተር ብለው ሰየሟቸው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ሰኔ 4 ቀን 1996 ከኩሩ፣ ፈረንሳይ ጊያና፣ በአዲሱ አሪያን 5 ሮኬት የመጀመሪያ በረራ ላይ ተጫኑ። ሮኬቱ ከተነሣ 37 ሰከንድ ገደማ በኋላ መንገዱን ስቶ ፈረሰ። የአቅጣጫ መቆጣጠሪያው ሶፍትዌር አንድ ትልቅ ቁጥር ወደማይችለው ጠባብ ቦታ ሊያስገባ ሲሞክር ሞልቶ ፈሰሰበት። የሳይንቲስቶቹ የአሥር ዓመት ድካም ረግረጉ ላይ ተበተነ። ኡፕሳላ ይህን ታሪክ የሚያወሩት እንደ ለቅሶ ነው፤ የክላስተር የኤሌክትሪክ መስክ መለኪያ የእነሱ ሥራ ነበርና። 44 ሜትር በሚረዝሙ ስስ ሽቦዎች ጫፍ ላይ ኳሶች ተሰቅለው፣ መንኮራኩሯ ስትሽከረከር ሽቦዎቹ ተወጥረው የሚቆሙበት መሣሪያ ነው። ሰዎቹ ግን አልተዉትም። ከመለዋወጫ ዕቃ አንዷን ገጣጠሙ፣ ስሟንም ፊኒክስ አሏት፤ ሌሎቹን ሦስቱን እንደ አዲስ ሠሩ። በሐምሌና በነሐሴ 2000 በሁለት የሩስያ ሶዩዝ ሮኬቶች ከባይኮኑር ወጡ። ስማቸው የጭፈራ ስም ነው፤ ሩምባ፣ ሳልሳ፣ ሳምባ፣ ታንጎ።

አራት ለምን? ምክንያቱ ሒሳብ ነው፤ ውበቱ ለእኔ እዚህ ላይ ነው። አራቱ መንኮራኩሮች ባለ ሦስት ማዕዘን ፒራሚድ ሠርተው ይበርራሉ፤ በየጫፉ አንዳንድ። ድንበሩ ሲያልፍባቸው እያንዳንዷ የየራሷን ሰዓት ትመዘግባለች። ከአራት ሰዓት ሦስት ልዩነት ይወጣል። የማናውቀውም ሦስት ነው፤ ድንበሩ የሚጓዝበት አቅጣጫ ሁለት ቁጥር፣ ፍጥነቱ አንድ ቁጥር። በሦስት መንኮራኩር አይበቃም፣ አምስተኛ የግድ አያስፈልግም። ከሰማይ የመጣን አንድ ግድግዳ አቅጣጫና ፍጥነት ለማወቅ ቢያንስ አራት ምስክር ያስፈልጋል። ይህን ስሌት ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ እጅ የሠራሁ ማታ፣ ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። የወጣው ቁጥር በሰከንድ ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ምድር የሚል ነበር። ስክሪኑ ላይ አራት ቀጫጭን መስመሮች ተከታትለው ሲወድቁ ብቻ ነበር የማየው። ከቁጥሩ በኋላ ግን አንድ ግዙፍ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ለሰው ልናገር ፈልጌ ስልኬን አነሣሁ፤ ደሴ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር።

እነዚህ አራቱ ካሳዩን ሁሉ የምወደው የኅዳር 20 ቀን 2001ን ነው። የፀሐይ ነፋስ የማግኔት መስክ ወደ ሰሜን ያመለክት ነበር፤ ከምድር መስክ ጋር በአንድ አቅጣጫ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን በድንበሩ ግንባር ላይ መስመሮች በቀላሉ አይቆራረጡም፤ በሩ ተዘግቷል እንደማለት ነው። ሆኖም እንዲህ ባለ ጊዜ የማግኔቶስፌር ጎን በፀሐይ ፕላዝማ እንደሚሞላ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። ከየት ገባ? ክላስተር በዚያ ቀን በምድር ጎን፣ ወደ ጅራቷ በሚያመራው ድንበር ላይ ነበሩ። ያዩት እፍጋት ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ሲል ነው። በአንዲት መንኮራኩር ዓይን ይህ ተራ መወዛወዝ ነው፤ ድንበሩ እንደ መጋረጃ እየተርገበገበ ነው ተብሎ ይታለፋል። ሂሮሺ ሃሴጋዋና ባልደረቦቹ የአራቱን መረጃ ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት ግን፣ ወደ ውጭ ያለችው መንኮራኩር የምትለካው እፍጋት ወደ ውስጥ ካለችው የሚያንስበት ጊዜ ነበር። ድንበሩ ዝም ብሎ ቢርገበገብ ይህ ሊሆን አይችልም። የሚሆነው ድንበሩ በራሱ ላይ ከተጠቀለለ ብቻ ነው። ነፋሱ በድንበሩ ጎን ሲሮጥ ያስነሣቸው፣ እያንዳንዳቸው እስከ 40,000 ኪሎ ሜትር የሚሰፉ የፕላዝማ አዙሪቶች ነበሩ፤ የውጭውን ወደ ውስጥ፣ የውስጡን ወደ ውጭ እየጠቀለሉ የሚያላውሱ። ጥናቱ በ2004 ኔቸር መጽሔት ላይ ሲታተም፣ በሩ ሲዘጋ ፕላዝማው በየት በኩል ሊገባ እንደሚችል ታወቀ።

የገመዱስ ክርክር? እሱም በዚሁ መንገድ ነው እየጠራ የመጣው። አንደኛ፣ እነዚያ ምልክቶች በብዛት የሚታዩት የነፋሱ መስክ ወደ ደቡብ ሲዞር፣ ማለትም ለመቆራረጥ በሚመችበት ጊዜ ነው፤ ግፊት ብቻ ቢሆን ለሰሜንና ለደቡብ ባላዳላ ነበር። ሁለተኛ፣ ቤንግት ሶነሩፕና ሃሴጋዋ የተጠቀሙበትን ዘዴ እጅግ አከብረዋለሁ። ከአንዲት መንኮራኩር መረጃ ተነሥተው በዙሪያዋ ያለውን መስክ ካርታ ይሠራሉ። ከዚያ ካርታውን ይዘው ይጠይቃሉ፤ ካርታው ልክ ከሆነ ሌሎቹ ሦስቱ በቆሙበት ቦታ ምን ማየት ነበረባቸው? ግምቱን ከእውነተኛው ልኬት ጋር ያስተያያሉ። ሲገጥም ካርታው ይጸናል፣ ካልገጠመ ይቀደዳል። በብዙዎቹ ላይ የተጠማዘዘ ገመድ ወጣ። ሲቤክ ያለው ስርጉድም ግን አልጠፋም፤ አንዳንዱ ምልክት እውነትም የግፊት ሞገድ ነው። ስለ እያንዳንዱ ለብቻው መጠየቅ ግድ ሆነ።

ወደ እናቴ ልመለስ።

ትምህርቴን ጨርሼ ስገባ እማዬ ዝምተኛ ሆና ጠበቀችኝ። እማዬ ማለት ቡና ሲፈላ ከመጀመሪያው ስኒ እስከ በረካው ድረስ ጨዋታዋ የማይቋረጥ፣ የሠፈሩን ሰው ሁሉ ስም እየጠራች የምትመርቅና የምትቆጣ ሴት ናት። አሁን ረከቦቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ስኒውን በሁለት እጇ ይዛ ፈገግ ትላለች። አንድ ነገር ስጠይቃት "እሺ የኔ ልጅ፣ ደግ ነው" ትላለች፤ ወሬው እዚያው ያልቃል። ግራ ገባኝ። እሷ ናት የተለወጠችው? አዘነችብኝ? ወይስ ብዙ ዓመት ከሰው ርቄ፣ በፀጥታ አገር ኖሬ የመጣሁ እኔ ነኝ ሌላ ሆኜ እሷን እንደ ሌላ የማያት? ስደት የሄደ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ከዋሽንግተንም ይምጣ ከዱባይ፣ "አገሩ ተለወጠ" ይላል፤ አገሩ ደግሞ "እሱ ተለወጠ" ይለዋል። ሁለቱም በቅንነት ነው የሚናገሩት። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት።

አንድ ቀን ቡና ላይ ተቀምጬ ሳያት የአማካሪዬ ጥያቄ መጣብኝ። ከተቀመጥኩበት በርጩማ ላይ የቱንም ያህል አተኩሬ ብመለከታት መልሱ አይወጣም። ልኬቴ ስላነሰ ሳይሆን ብቻዬን ስለሆንኩ ነው። ስለዚህ ታናሽ እህቴን ጓሮ ወስጄ ጠየቅኳት። "እማዬ ተለውጣለች ወይ?" ብዬ አልጠየቅኳትም፤ እንዲያ ያለ ጥያቄ ፍርድ ነው የሚጠይቀው። "ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ያለችብሽ መቼ ነው? ያኔ የት ነበርሽ፣ እሷስ?" አልኳት።

እህቴ ትንሽ አሰበችና "ባለፈው መስከረም፣ ለመስቀል ስንሰናዳ ይመስለኛል እትዬ" አለችኝ። "እኔ ግቢ ነበርኩ፣ እሷ ማድ ቤት። ስጠራት አልመለሰችልኝም፤ ተቆጥታ መሰለኝ። ስገባ ግን ደህና ነበረች።"

ማታ ሜሪላንድ ለሚኖረው ወንድሜ ደወልኩለት፤ እሱ በየእሑዱ ነው የሚያናግራት። ያንኑ ጠየቅኩት። "ወሬዋ አልቀነሰብኝም" አለኝ። ከዚያ ቆም ብሎ፣ "አንድ ነገር ግን አለ። ድሮ ስልኩን በግራ እጇ ነበር የምትይዘው፤ በቪዲዮ ስንገናኝ ሁሌ በዚያ በኩል ነበር ፊቷ የሚዞረው። ካለፈው ዓመት መጨረሻ ወዲህ በቀኝ አድርጋዋለች። እጇን አሟት ይሆን ብዬ ልጠይቃት አስቤ ነበር" አለኝ።

ሁለቱ የነገሩኝ ጊዜ አንድ ነው። ሁለት ሰው በሁለት አህጉር ቆሞ በአንድ ወቅት ለውጥ ካየ፣ ለውጡ ከእኔ መምጣትና መሄድ ጋር አይያያዝም፤ ነገሩ ራሱ ውስጥ ነው። ቦታው ደግሞ ሌላ ነገር ነገረኝ። እኔ ቡና ላይ የምቀመጠው ሁልጊዜ በግራዋ በኩል ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ቦታዬ ነው። በቀኟ በኩል ከሰሉ አጠገብ የምትቀመጠው ጎረቤታችን ከእማዬ ጋር እንደ ድሮው እየተጨዋወተች ነበር። በማግስቱ ተነሥቼ በቀኟ በኩል ተቀመጥኩ። እማዬ የሠፈሩን ወሬ አንድ ሳይቀራት ነገረችኝ።

ሐኪሙ የግራ ጆሮዋ መድከሙን አረጋገጠልን። አውቃው ኖሯል፤ ሦስታችንንም ላለማስጨነቅ ደብቃን ነበር። "ደግሞ ለጆሮ ተብሎ ከውጭ ልትመጡ ነው?" አለችን፣ እጄን ይዛ።

ከዚያ በኋላ መረጃ የማነብበት ዓይን ተለወጠ። ቀድሞ የሌሎቹን ሦስት መንኮራኩሮች መረጃ የምከፍተው ያየሁትን ለማስረገጥ ነበር። ዛሬ የምከፍተው እኔ ካለሁበት ጎን የማይታየውን እንዲነግሩኝ ነው። ኤምኤምኤስ በሚባሉት የናሳ መንኮራኩሮች ላይ ስሠራ ይህ ይበልጥ ገባኝ። እነሱም አራት ናቸው፤ በመጋቢት 2015 ከኬፕ ካናቬራል ወጡ። የክላስተር መንኮራኩሮች ብዙውን ጊዜ በመቶዎችና በሺዎች ኪሎ ሜትር ሲራራቁ፣ ኤምኤምኤሶች እስከ ሰባት ኪሎ ሜትር ድረስ ተቀራርበው በርረዋል። የኤሌክትሮኖችን ሙሉ ሥርጭት በየ30 ሚሊ ሰከንዱ ይለካሉ፤ ክላስተር አንድ ጊዜ ለመለካት ሙሉ ሽክርክሪት፣ አራት ሰከንድ ያስፈልጋት ነበር። የማግኔት መስመሮች የሚቆረጡበት እምብርት ደግሞ ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ በአራት ሰከንድ ውስጥ አልፎ ይሄዳል። ጥቅምት 16 ቀን 2015 በግሪንዊች አቆጣጠር 13:07 ላይ ኤምኤምኤሶች እምብርቱን በቀጥታ አለፉበት። ጄምስ በርችና ባልደረቦቹ በ2016 ሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ኤሌክትሮኖቹ በፍጥነት ሰሌዳ ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ሠርተው ይታያሉ። ዱንጌይ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በ1961 በወረቀት ላይ ያሰመረው የመስመሮች መቆራረጥና መቀጣጠል፣ ከኤሌክትሮኖቹ ጀምሮ ታየ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኤምኤምኤሶች ከሚሰበስቡት ዝርዝር መረጃ ውስጥ ወደ ምድር መላክ የሚቻለው 4 በመቶ ገደማውን ነው። የቱ ይላክ የሚለውን የሚወስን ሰው አለ። ሳይንቲስቶች ተራ ገብተው በየቀኑ ጠቅለል ያለውን መረጃ ያያሉ፣ "ይህን ያዙ፣ ያንን ልቀቁ" ይላሉ። የተለቀቀው ይጠፋል። በሚሊዮን በሚቆጠር ዶላር የተሠራ መሣሪያ ያየውን የሚያስቀር የአንድ ሰው ዓይን ነው። ይህን ሳስብ የራሴ ዓይን ምን ለቆ እንደሚያልፍ መጠየቄን አልተውም።

ወደ አገሬ ተመልሼ ማስተማር ስጀምር ያገኘሁት አምስተኛ ምስክር ደግሞ ከሁሉም ያስደሰተኝ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የምድርን የማግኔት መስክ ይለካል። አዲስ አበባ ከማግኔት ወገብ አጠገብ ናት፤ በቀን በላይዋ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። የፀሐይ ነፋስ በድንገት በርትቶ ማግኔቶፖዝን ወደ ውስጥ ሲገፋው፣ ድንበሩ ላይ የተነሣው ጅረት መሬት ላይ ያለውን መስክ በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ያደርገዋል። ማግኔት ወገብ ላይ፣ ያውም ቀን ከሆነ፣ ምልክቱ በአቅራቢያው ካሉ ቦታዎች ይልቅ ይጎላል። ስለዚህ 64,000 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ጠርዝ ሲገፋ፣ አራት ኪሎ ያለ መሣሪያ ይነቃነቃል። መንኮራኩሮቹ ያዩት ስርጉድ ነው ወይስ ገመድ የሚለውን ስንመረምር፣ ዓለም ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነቃንቆ እንደሆነ መሬት ላይ ያለው ይነግረናል። መላው ድንበር ከተገፋ ይሰማዋል፤ ያለፈው አንድ ትንሽ ገመድ ከሆነ እንዲህ ያለ ዝላይ አይታይበትም።

የክላስተሯ ሳልሳ መስከረም 8 ቀን 2024 ደቡብ ፓሲፊክ ላይ ወደ ከባቢ አየር ገብታ ተቃጠለች፤ የአራቱ ሥራም አበቃ። የሃያ አራት ዓመት መረጃቸው ግን ለማንም ክፍት ነው፤ ኢንተርኔት ያለው ተማሪ ያለ ክፍያ ያወርደዋል። አራትም እንደማይበቃ የምናውቀው ከዚሁ መረጃ ነው። የሦስት ልዩነቱ ሒሳብ የሚሠራው ድንበሩ ጠፍጣፋ ሆኖ በአንድ ፍጥነት ሲሄድ ነው፤ ሲጠማዘዝና ሲፋጠን አራቱም እውነት ተናግረው መልሱ ልክ ላይወጣ ይችላል። ናሳ በ2022 የመረጠው ሄሊዮስዋርም የተባለው ተልዕኮ ዘጠኝ መንኮራኩሮች ይኖሩታል።

ተማሪዎቼን አሁን የማስጀምራቸው በአንድ ነገር ነው። የአንዲት መንኮራኩርን መረጃ ብቻ እሰጣቸዋለሁ፤ ያ ወደ ላይ ያበጠና ወደ ታች የጠለቀ መስመር አለበት። ሁለት ጽሑፍ እንዲያስረክቡኝ እጠይቃለሁ። በአንዱ ገመድ ነው ብለው ይከራከራሉ፤ በሌላው ሞገድ ነው ብለው፣ እኩል አጥብቀው። አንዳንዶቹ "መምህርት፣ መልሱን እኮ አውቄዋለሁ፣ ለምን ሁለቱን እጽፋለሁ?" ይሉኛል። የሌሎቹን ሦስት መንኮራኩሮች ፋይል የምከፍትላቸው ሁለቱም ጽሑፎች ጠረጴዛዬ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው።